የቤት ኢንሹራንሴ ከ2,480 ወደ 4,190 ዘለለ፣ አንድም ክሌም አድርጌ አላውቅም! (ኦሮራ ኮሎራዶ)

ጓሮ_ጎመን፦

ሰላም ወገኖች እንዴት ሰነበታችሁ። በኢንሹራንስ ነገር የበሰለ ሰው ካለ እባካችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ቤታችንን ኦሮራ ውስጥ የገዛነው በ2019 ነው፣ ከዛ ወዲህ አንድም ቀን ክሌም (የጉዳት ካሳ ጥያቄ) አድርገን አናውቅም ክፍያም አሳልፈን አናውቅም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል እሱን ለምደነዋል፣ ዘንድሮ ግን 2,480 የነበረው 4,190 ሆኖ ቁጭ። ደግሞ ያወቅነው በኢንሹራንሱ ወረቀት እንዳይመስላችሁ፣ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ክፍያችን ከ2,318 ወደ 2,603 ሲዘል ነው። ደንግጬ ስደውል ኤስክሮው (ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያችን ላይ ለኢንሹራንስ እያለ የሚያጠራቅመው ሂሳብ) ላይ ሾርቴጅ፣ ማለትም ጎደሎ አለ አሉኝ። ከዛ ቤቱን ሳገላብጥ የሪኒዋሉ (የኢንሹራንሱ እድሳት) ፖስታ ሳይከፈት ረከቦቱ ስር ተሸጉጦ አገኘሁት፣ ሁለት ወር ሙሉ ቡና እየፈሰሰበት ግማሹ ቡኒ ሆኗል ሃሃ

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። የኢንሹራንሱ ጭማሪ ለ12 ወር ሲካፈል 142 ዶላር ከሃምሳ ነው፣ ሞርጌጁ ላይ የጨመሩብኝ ግን 285 ነው፣ እጥፍ! እየበሉኝ ነው? ባለቤቴ ደግሞ ስንት ዓመት ከፍለን ምን አገኘን ዝም ብለን እንሰርዘው ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የጣራ ኮንትራክተር በር አንኳኩቶ ጣራችሁን ሄይል (ከሰማይ የሚወርደው የበረዶ ጠጠር) መትቶታል፣ ኢንሹራንስ ሙሉውን ይቀይርላችኋል፣ ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችን የሚወጣውን ድርሻ) እኔ እችልላችኋለሁ ብሎናል። ዋጋውን ከጨመሩብን አይቀር ለምን ጣራ አናስቀይርም እያልን ነው። ምን ትላላችሁ?

የሌሊት_ሾፌር፦

ወንድሜ መሰረዙን እርሳው። ሞርጌጅ እስካለብህ ድረስ ቤቱ ኢንሹራንስ እንዲኖረው ፈርመሃል፣ ከሰረዝክ ባንኩ ራሱ አንድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ይለጥፍብህና ሂሳቡን ላንተ ይልካል። ያ ደግሞ ዋጋው እሳት ነው፣ የሚሸፍነውም በዋናነት የባንኩን ጥቅም ነው እንጂ ያንተን ሶፋና ቲቪ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ኢንሹራንስ ሲቀያይር በመሀል 3 ሳምንት ክፍተት ፈጥሮ የተለጠፈበትን ለማስነሳት ስንት ጊዜ በስልክ ሲሟገት ከርሟል

ወረቀት_አንባቢ፦

ላይሰንስ ያለኝ ኤጀንት ነኝ፣ እዚህ የምሸጠው የለም ስለዚህ ኢንቦክስ አታድርጉልኝ።

ከ285ቱ እንጀምር። ማንም አልበላሽም (ወይ አልበላህም)። ባንኩ ዓመቱን ሙሉ ሲሰበስብ የነበረው በድሮው 2,480 ሂሳብ ነው፣ ሪኒዋሉ ሲመጣ ግን 4,190 ከፈለ። የጎደለውን 1,710 ከኪሱ አበድሮ ሸፍኗል ማለት ነው፣ እሱን በ12 ወር ሲያስመልስ በወር 142.50። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአዲሱ ዋጋ መሰብሰብ አለበት፣ ያም ሌላ 142.50። ሲደመር 285። ጎደሎው ተከፍሎ ሲያልቅ ግማሹ ይወርዳል። ሾርቴጁን ባንዴ መክፈል ትችያለሽ፣ እንደዛ ካደረግሽ ወርሃዊው ላይ የሚጨመረው 142.50 ብቻ ይሆናል።

ለምን ጨመረ ላልሽው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ሰፈሩ ነው። ኮሎራዶ በሄይል ከሚደበደቡት ስቴቶች አንዷ ናት። የሜይ 8 2017ቱን ሄይል የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ሌክዉድ ያለው ኮሎራዶ ሚልስ ሞል እንኳ ጣራው ተበሳስቶ ለወራት ተዘግቶ ነበር፣ የዛ ቀን ብቻ ኪሳራ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነው የተመዘገበው። ከዛ በ2021 መጨረሻ ማርሻል ፋየር የተባለው ቃጠሎ መጣ፣ ሉዊቪልና ሱፒሪየር ላይ ከ1,000 በላይ ቤት ባንድ ቀን ወደመ። በዛ ላይ የጣራ እቃውም የእጅ ዋጋውም ጨምሯል፣ ኢንሹራንሶቹም ራሳቸው የሚገቡት ኢንሹራንስ ተወዶባቸዋል። ክሌም አላደረግኩም ማለት ዲስካውንት ያስገኝ ይሆናል እንጂ ከዚህ አያድንም።

አሁን የምታደርጊው፦ የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽ፣ ዴክላሬሽን ፔጅ የሚሉትን አውጪና የሄይል ዲዳክቲብሉን ፈልጊ። ከሌላው ተለይቶ ነው የሚጻፈው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በዶላር ሳይሆን በፐርሰንት ነው። ሰው 1 ፐርሰንት ሲል የጉዳቱ 1 ፐርሰንት ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ቤቱ ኢንሹር የተደረገበት ጠቅላላ ዋጋ 1 ፐርሰንት ነው። ያንን ሳታዪ ስለ ጣራ አታውሪ። ዲዳክቲብሉን እኔ እችላለሁ ያለሽን ሰውዬ ደግሞ በሩን ዝጊበት፣ ከ2012 ጀምሮ እዚህ ስቴት ውስጥ ኮንትራክተር የቤት ጣራ ዲዳክቲብል መክፈልም መተውም በሕግ የተከለከለ ነው። ገና ከበሩ ሕግ የሚጥስ ሰው ጣራሽ ላይ ወጥቶ ምን እንደሚሰራ አስቢው። ክሌም ደግሞ ቢከፈልም ባይከፈልም ሪከርድሽ ላይ እስከ 7 ዓመት ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ በጥቃቅን ነገር አትንኪው።

ዋጋ ለማውረድ ብላችሁ ቤቱ ኢንሹር የተደረገበትን መጠን እንዳትቀንሱ። ቤቴ ገበያ ላይ ይሄን አያወጣም የሚል ሰው ሁሌ ይገጥመኛል፣ ገበያው ሌላ መልሶ መስሪያው ሌላ። ማርሻል ፋየር ላይ ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኢንሹራንሳቸው መልሶ ለመስራት አልበቃቸውም።

የሾላ_ልጅ፦

እኔ ደግሞ ርካሽ ፍለጋ ሄጄ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በ2017 ሌክዉድ ነበርኩ፣ ያኔ ኢንሹራንሴ ሙሉ ጣራ ሲቀይርልኝ ከኪሴ የወጣው 1,000 ብቻ ነው። በኋላ ዋጋ ሲጨምሩብኝ ተናድጄ በዓመት 700 ዶላር የሚቀንስ ሌላ አገኘሁና ሳላነብ በስልኬ ፈረምኩ፣ ኤርፖርት ኪው ላይ ተቀምጬ። ካቻምና ሄይሉ መጣ። ጣራው 21,000 ተገመተ። ከዛ ጣራህ 7 ዓመት አገልግሏል ብለው 35 ፐርሰንት ቀነሱ፣ 13,650 ቀረ፣ ከዛ ላይ ዲዳክቲብል 4,800 ተነሳ፣ የተላከልኝ ቼክ 8,850። ቀሪውን 12,150 እኔ። እቁቤ ባይደርሰኝ ኖሮ ሸራ አልብሼው ነበር የምኖረው። በ3 ዓመት ያተረፍኩት 2,100 ነው እንግዲህ አስሉት። ወረቀቱ ላይ ጣራው በሙሉ መተኪያ ዋጋ ይሁን በእርጅና ተቀንሶ፣ እሱን ሳትጠይቁ ኮት (ኩባንያው የሚሰጣችሁን ዋጋ) ከኮት አታወዳድሩ

ቀዝቃዛ_ሻይ፦

ከርዕስ ልውጣና እናቴ በስልክ "ምን ሆናችሁ?" ስትለኝ "በረዶ ጣራችንን ሰበረው" አልኳት፣ "አይ ልጄ አካፋ የላችሁም እንዴ ጥረጉት እንጂ" አለችኝ። ስኖውም ሄይልም በረዶ ስንል እኮ ነው ሃሃሃ። ለቁም ነገሩ ግን ጣራ የምትቀይሩ ክላስ 4 የሚባለውን ጠንካራውን ሼንግል (የጣራ ክዳን) ጠይቁ፣ ዲስካውንት አለው፣ ግን ስንት እንደሆነ ከመቀየራችሁ በፊት ከኢንሹራንሱ በጽሁፍ ተቀበሉ። አንዳንዱ በምትኩ ጣራው ካላፈሰሰ በስተቀር ለመልኩ አልከፍልም የምትል መስመር ይጨምራል

ጓሮ_ጎመን፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሌሊት_ሾፌር እህትህ ነኝ ሃሃ ወንድም አይደለሁም። ዴክላሬሽን ፔጁን አየሁት፣ ቤታችን ኢንሹር የተደረገበት 540,000 ነው፣ የሄይሉ 2 ፐርሰንት ይላል። ስንቴ እንደቆጠርኩት አልነግራችሁም፣ 10,800 ዶላር! እኔ እስከዛሬ 1,000 መስሎኝ በሰላም ስተኛ ነበር። ባለቤቴም ሲያየው የጣራውን ነገር ራሱ ተወው። ግን ይሄ ያህል ሰፈሩ ከተበላሸ ጭራሽ ኢንሹር አናደርግም ቢሉንስ?

ወረቀት_አንባቢ፦

ያን ያህል አልደረሳችሁም። ሁሉም እምቢ ላለው ሰው በ2023 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ፌር ፕላን የሚባል የመጨረሻ አማራጭ አለ፣ በ2025 ነው ስራ የጀመረው፣ ግን ሽፋኑ ጠባብ ነው። መጀመሪያ ከብዙ ኩባንያ ጋር የሚሰራ ብሮከር ፈልጊ፣ የአንድ ኩባንያ ብቻ ኤጀንት የራሱን ነው የሚያሳይሽ። ክሬዲታችሁም (የብድር አከፋፈል ታሪካችሁ) ይታይ፣ እዚህ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ሜሪላንድ ቢሆን ለቤት ኢንሹራንስ ክሬዲት ማየት ክልክል ነው፣ የእህቴ ባል በዚህ ሁሌ ይኮራብኛል።

ጓሮ_ጎመን፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ብሮከር አገኘን፣ 5 ኮት አመጣ፣ አንዱ 2,900 ነበር ባለቤቴ እጁ ብዕር ላይ ሄደ፣ የሾላ_ልጅን ታሪክ አስታውሼ ስጠይቅ እውነትም ጣራው በእርጅና የሚቀነስ ሆኖ ተገኘ። የመረጥነው 3,540 ነው፣ 540,000ው እንዳለ፣ ጣራው በሙሉ መተኪያ ዋጋ፣ ዲዳክቲብሉ 1 ፐርሰንት። አሁንም ውድ ነው አልዋሽም፣ 5,400ዋን ቀስ እያልኩ ለብቻ ላስቀምጥ ነው። የድሮውን አዲሱ በጀመረበት ቀን አቋረጥን፣ ያልተጠቀምንበትን የ10 ወር 3,491 ዶላር ምናምን ቼክ በስሜ ላኩልኝ። ባለቤቴ ከትላንት ጀምሮ የባህርዳር ትኬት እያየ ነው። ይሄ ብር የኛ ነው አይደል?

ወረቀት_አንባቢ፦

አይደለም! አዲሱንም ባንኩ ነው ከኤስክሮው የሚከፍለው፣ ያንን ቼክ ከበላችሁት በሚቀጥለው ዓመት ያው ሾርቴጅ ይመጣል። ቼኩን ወደ ባንኩ ላኪው፣ የሎን ቁጥሩን ጻፊበት፣ ለኤስክሮው ነው በይ፣ አለበለዚያ ዋናው ብድር ላይ ያስገቡታል። ከዛ ደውለሽ ኤስክሮውን እንደገና አስልተው ወርሃዊውን እንዲያወርዱ ጠይቂ፣ ዝም ካልሽ እስከሚቀጥለው ዓመት 2,603 ስትከፍይ ትከርሚያለሽ።

ጓሮ_ጎመን፦

እሺ ነገ ጠዋት ነው የምልከው። የባህርዳሩን ትኬት አንተ ንገረው እኔ አልችልም