ስንፍና ነው፣ ድብርት ነው ወይስ በርንአውት?

ጓሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ታታሪ የነበረች ነርስ ከመስከረም ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ታረፍዳለች፣ ታካሚ ላይ ትነጫነጫለች፣ ካርድ ላይ የምትጽፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። የ10 ቀን ዕረፍት ሰጠናት፤ ደህና ሆና ተመለሰች፣ በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ናት። ባልደረቦቿ "ሰነፈች" ይላሉ። በርንአውት የሚሉት ይሄ ነው? ከድብርትስ በምን ይለያል?

የጣርማበር ጉም፦
የዓለም ጤና ድርጅት በአይሲዲ 11 (በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ) በርንአውትን ያስቀመጠው እንደ በሽታ አይደለም። ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ካጣ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው ይለዋል። ሦስት ነገር አብሮ ይፈለጋል፦ ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካም፣ ሥራው እጅ እጅ ማለቱ፣ "ብሠራም ባልሠራም ለውጥ የለውም" የሚል ስሜት። ድካም ብቻውንማ በመኸር ማንንም አይምርም።

ሁለተኛውን ለመያዝ አነጋገሯን ስማ። ታካሚውን በስም ትጠራ የነበረች ልጅ "አልጋ 5" ወይም "ያቺ ሆዴን ባይዋ" ማለት ከጀመረች ልብ በል። ክፋት እንዳይመስልህ፤ ማዘኑ ሲያልቅባት ራሷን የምትከላከልበት መንገድ ነው። ስንፍና የሚሉትንም አልቀበልም። ሰነፍ ብትሆን ድሮም ትታወቅ ነበር።

ድብርት ከሥራ ውጭም ይከተላል። ለጥምቀት ቤተሰብ ጋ ሄዳ ስትስቅ ሰንብታ፣ ሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያውን በር ስታይ ሆዷ የሚባባ ከሆነ ወደ በርንአውት ያደላል። በዓሉም ወዳጁም ምግቡም ካልጣማት ድብርትን ጠርጥር። ሁለቱ አብረው መምጣታቸውም ብርቅ አይደለም። ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ድምሩ 10 ከሞላ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያት። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 የተለየ መልስ ካለ ድምሩ ሳይጠበቅ ያኑ ቀን ትታይ። ጠያቂው ግን አንተ አትሁን፤ ለአለቃ እውነቱን የሚናገር የለም።

ማይክሮስኮፕ፦
ስም ከማውጣታችሁ በፊት ደሟ ይታይ። ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) በዴሲሊትር 12.5 ግራም ሲወጣ "ኖርማል" ተብሎ ይመለሳል፤ ለቆላ ሰው ልክ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ስለዚህ ለሴት በተቀመጠው 12 ላይ 2 ግራም ገደማ ይደመራል። በዚህ ስሌት መንዝ ላይ 12.5 የደም ማነስ ነው! እንቅርት ባለበት ደጋ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራንም መዝለል አይገባም። እርግዝናም እንዳይረሳ።

ባሶ፦
ዕረፍቱ ያልያዘላት የተመለሰችው ወደዚያው ሮስተር (የተረኛ ድልድል) ስለሆነ ነው። የበርንአውት ተመራማሪዎቹ ክርስቲና ማስላክና ማይክል ሊተር 6 ምንጭ ይቆጥራሉ፦ የሥራ ጫና፣ በገዛ ሥራ ላይ መወሰን አለመቻል፣ ያልተመጣጠነ ክፍያና ምስጋና፣ የባልደረባ ግንኙነት መበላሸት፣ አድልዎ፣ ከህሊና ጋር የሚጋጭ ሥራ። ዕረፍት ከእነዚህ አንዱንም አይነካም።

የ3 ወር የዱቲ (የተረኝነት) ወረቀት አውጣና ቁጠር። ስንት ናይት (የሌሊት ተረኝነት) አከታትላ ገባች? ከናይት ወጥታ በዚያው ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) የቀጠለችው ስንቴ ነው? በሰው ምትክስ? "እሷ እምቢ አትልም" እየተባለ ጎበዙ ላይ ይከመራል። ከ3 ናይት በላይ አታከታትል፣ ከናይት ማግስት ሙሉ ዕረፍት ይሁን፣ ሮስተሩ ከወር በፊት ይለጠፍ። የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፣ ግን የእህቷ ልጅ ክርስትና ላይ መገኘት አለመገኘቷን አስቀድማ ታውቃለች።

ጓሳ፦
ቆጠርኩ። ባለፈው ወር 11 ናይት፣ 4ቱ የሌላ ሰው። ፈራሚው እኔ ነኝ፣ አላየሁትም። ቡናም አብዝታለች፣ ሁዳዴም እየመጣ ነው። እንዴት ላናግራት?

የጣርማበር ጉም፦
ቡናው ይቆየን፣ ሰዓቱ ግን ይስተካከል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 11 ሰዓት ላይ በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ግማሹ ደሙ ውስጥ ነው። እንቅልፍ ለማምጣት አረቄ የሚቀምሱም አሉ፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ናይት አድሮ እስከ 9 ሰዓት መጾም ከባድ ነውና ለሁዳዴ ቀን ላይ መድባት፤ የቀረውን ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርስ።

ስታናግራት ሰው ፊት አይሁን። "ምን ነካሽ?" ካልካት "ምንም" ትልሃለች። ከወረቀቱ ጀምር፦ "ባለፈው ወር 11 ናይት ሠርተሻል፣ 4ቱ ያንቺ አልነበሩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሚቀጥለው ወር ይኸው ተስተካክሏል።" ከዚያ ዝም በልና ጠብቃት። "አይዞሽ፣ በርቺ" የሚለውን ለጊዜው ተወው።