በወር የሚከፈልባቸው ጌሞች፦ የትኛው ብራችን ይገባዋል? ጥቆማ ለጅማ ተጫዋቾች

ሰሞኑን ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «በወር የሚከፈልበት ጌም ልጀምር ነው፤ የቱን ትመክረኛለህ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪዎች ናቸው። ሥራ ይዘው ማታ ማታ ላፕቶፕ ከፍተው የሚጫወቱም አሉ። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ወርሃዊ ክፍያ በራሱ ችግር የለውም። ሰርቨር በነጻ አይሠራም፤ ጌሙን የሚሠሩት ሰዎችም ደሞዝ ይፈልጋሉ። እኔን የሚያናድደኝ ገንዘቡ በየወሩ ሳይዛነፍ እየተቆረጠ ጌሙ ባለበት ሲረግጥ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጌም፣ ስሙን አልጠራም፣ «ትልቅ አፕዴት መጣ» ብሎ ሲያስጮህ ከረመ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ ማውረድ ጀመርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሊነጋጋ ሲል ወርዶ አለቀና ከፈትኩት። አዲስ ኮፍያ አለ። ቀለሙ የተቀየረ ፈረስ አለ። ወሩን ሙሉ የሰበሰብነውን ሳንቲም ከጥቅም ውጪ የሚያደርግ ሌላ ሳንቲም አለ። ዳንጅኑ፣ ገብተን ጭራቅ የምንዋጋበት ዋሻ፣ ያው የድሮው ነው። መጨረሻ ላይ የሚጠብቀን ትልቁ ጠላት፣ ቦሱም፣ ያው ነው፤ ደሙ ብቻ ተጨምሮለታል። አቦል ተብሎ የቀረበልን በረካ ነበር።

እኛ ላይ ደግሞ ጫናው ይብሳል። የአብዛኞቹ ዋጋ በወር 15 ዶላር አካባቢ ነው። ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት ይህ በባንክ ምንዛሪ 860 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የኢንተርኔቱን ወጪ ገና አልጨመርኩም።

ብሶቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2014 መጨረሻ «ዋርሎርድስ ኦፍ ድሬኖር» የሚባለውን ማስፋፊያ (በነባሩ ጌም ላይ የሚጨመር ትልቅ ክፍል) ሲያወጣ ከፋዮቹ ከ10 ሚሊዮን አልፈው ነበር። ሰው ሁሉ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ ጠበቀ። በፌብሩዋሪ 2015 ስሪት 6.1 ወጣ። በጣም የተወራለት ነገር ምን መሰላችሁ? በጌሙ ውስጥ ሰልፊ ማንሻ ካሜራና ወደ ትዊተር መለጠፊያ። አዲስ ሬይድ፣ ብዙ ሰው ተባብሮ የሚገባበት ትልቅ ውጊያ፣ የለም፤ አዲስ አገርም የለም። በ2015 አጋማሽ የከፋዮቹ ቁጥር 5.6 ሚሊዮን ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ኩባንያው የከፋዮቹን ቁጥር ይፋ ማድረጉን ተወ። ከጁን 2015ቱ ስሪት 6.2 በኋላ ቀጣዩ ማስፋፊያ የመጣው በኦገስት 2016 ነው። በመሃል ከአንድ ዓመት በላይ ተጫዋቹ ያንኑ ሬይድ እየደጋገመ ከፍሏል።

ኢቭ ኦንላይንም የራሱ ታሪክ አለው። ይህ የጠፈር መርከብ ጌም በጁን 2011 «ኢንካርና» የሚል ማስፋፊያ አወጣ። ከመርከባችሁ ወርዳችሁ በእግራችሁ ጣቢያው ውስጥ ትንሸራሸራላችሁ ተብሎ ለዓመታት ሲጠበቅ የነበረ ነገር ነው። ሲመጣ አንዲት ክፍል ብቻ ሆነች። ከክፍሏ ጋር ግን ሱቅ አብሮ ተከፈተ፤ የአንድ ዓይን መነጽር ወደ 60 ዶላር ይሸጥበታል። ተጫዋቾቹ ጂታ በሚባለው የንግድ ማዕከል መርከቦቻቸውን ሰብስበው እዚያ የቆመውን ሐውልት በጥይት ደበደቡት። ሐውልቱ አይፈርስም፤ መልእክቱ ግን ደረሰ። ከወራት በኋላ የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጣዩ ማስፋፊያም ወደ መርከቦቹ ተመለሰ። ይህን የማነሳው ተጫዋች ሲሰባሰብ እንደሚሰማ ስለሚያሳይ ነው።

እንግዲህ አፕዴት ሲመጣ እኔ የማየው ይህን ነው። ከዚህ በፊት ማድረግ የማልችለውን ምን እንዳደርግ ፈቀደልኝ? ቁጥሩ ብቻ ካደገ፣ 400 የነበረው ጎራዴ 430 ከሆነ፣ አፕዴት አልለውም። ባለፈው ወር የለፋሁበት ነገር ዛሬም ይጠቅማል ወይ የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። በየሦስት ወሩ ልብሳችሁን፣ ለፍታችሁ ያገኛችሁትን ትጥቅ፣ ከጥቅም ውጪ አድርጎ እንደገና «ሀ» ብላችሁ እንድትጀምሩ የሚያደርግ ጌም ይዘት ሳይሆን ሥራ ነው የሚሰጣችሁ። ደግሞ አፕዴቱ ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኞቻችሁ መግባታቸውን አለመግባታቸውን እዩ። ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ እሱ ይነግራችኋል።

ወደ ጥቆማው ልግባ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ነው። መልኩን አይታችሁ አትናቁት። በ2013 የተከፈተው ተጫዋቾች የ2007ቱን ጌም መልሱልን ብለው ድምፅ ስለሰጡ ነው። ከዚያ ወዲህም ትልልቅ አዲስ ነገር ከመግባቱ በፊት ለተጫዋቹ ድምፅ ይቀርባል፤ 70 በመቶ ድጋፍ ካላገኘ አይገባም። ባዶ አፕዴት እዚህ ቤት የሚያንሰው ለዚህ ይመስለኛል። ከፋዩ አስቀድሞ ይጠየቃል።

ለጅማ ኢንተርኔት ደግሞ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጌሙ የምታዙትን የሚያስተናግደው በየ 0.6 ሰከንዱ ነው። የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ፒንጋችሁ (ትእዛዛችሁ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 200 ሚሊሰከንድ ቢደርስ እንኳ ብዙም አትጎዱም። ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም በአንድ አካውንት ይሠራል። መብራት ሲሄድ ስልካችሁን አንስታችሁ ከቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ነጻው ክፍል ለብዙ ጊዜ ይበቃችኋል። የአባልነቱን ክፍያ ደግሞ ጌሙ ውስጥ በሰበሰባችሁት ወርቅ መሸፈን ትችላላችሁ፤ «ቦንድ» የሚባለውን ከሌላ ተጫዋች ትገዙና 14 ቀን አባልነት ታገኛላችሁ። በነጻው ክፍል ወርቁን መሰብሰብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዶላር ካርድ ለሌለው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ታሪክ ለሚወድ ፋይናል ፋንታሲ 14ን እጠቁማለሁ። በ2010 ሲወጣ በጣም የወደቀ ጌም ነበር። ናኦኪ ዮሺዳ የሚባለው ዳይሬክተር ተረከበው፤ አሮጌው ተዘግቶ በኦገስት 2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ ተከፈተ። ነጻ ሙከራው ቢያንስ እስከ ሌቨል 70 ያስኬዳል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ዋናውን ታሪክና ሁለት ሙሉ ማስፋፊያ ሳትከፍሉ ትጨርሳላችሁ ማለት ነው። ልብ በሉ፦ አንዴ ከፍላችሁ ወደ ሙሉው ከተሻገራችሁ በዚያ አካውንት ወደ ነጻው መመለስ የለም። ስለዚህ አትቸኩሉ። ዮሺዳ ራሱ ስትጨርሱ ክፍያውን አቁሙ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ተመለሱ ብሎ በይፋ ይመክራል። ለዚህ አከብረዋለሁ። ቅሬታ የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። አፕዴቶቹ አንድ ቀመር ይከተላሉ፤ ከ2024ቱ ማስፋፊያ በኋላ ነባር ተጫዋቾች «ምን እንደሚመጣ አስቀድመን እናውቃለን» እያሉ ብዙ ተናግረዋል። ልክ ናቸው። ለጀማሪ ግን ከፊቱ የተከማቸው ታሪክ ብዙ ስለሆነ ይህ ቶሎ አይሰማውም።

በወር መክፈል ጨርሶ ለማይፈልግ ጊልድ ዋርስ 2 አለ። ማስፋፊያውን አንዴ ትገዙታላችሁ፣ አለቀ። መሠረታዊው ጌም ከ2015 ጀምሮ ነጻ ነው። የሌቨሉ ጣሪያ በ2012 ሲወጣም 80 ነበር፤ ዛሬም 80 ነው። ፈተና መጥቶ ሴሚስተር ሙሉ ብትጠፉ ልብሳችሁ አርጅቶ አይጠብቃችሁም።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ እስከ ሌቨል 20 በነጻ ሞክሩ። ከወደዳችሁት ለአንድ ወር ብቻ ክፈሉ፤ ማስፋፊያው ከወርሃዊው ክፍያ ውጪ ለብቻው እንደሚሸጥም አትርሱ። ኢቭ በ2022 ወርሃዊውን ከ14.95 ወደ 19.99 ዶላር ከፍ አድርጓል፤ ነጻው ክፍል ለመቅመስ ይበቃል። ስልክ ላይ ብቻ ለሚጫወት አልቢዮን ኦንላይን ጥሩ ነው።

የፐብጂና የፍሪ ፋየር ፓስ ነገርም ተጠይቄያለሁ። ፓሱ የሚሰጣችሁ በዋናነት ስኪን፣ ማለትም የልብስና የመሣሪያ መልክ፣ ነው። ስኪን የምትወዱ ከሆነ ግዙ፤ ደስታችሁ ነው። ግን አዲስ ጨዋታ እየገዛሁ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ አዲሱ ማፕ ቢመጣ ያልከፈለውም ይገባበታል።

አሁን ስለ አከፋፈሉ። የዶላር ካርድ ከባንክ ያላችሁ ቀጥታ መክፈል ትችላላችሁ። የሌላችሁ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ከሚሸጡ ልጆች በቴሌብር ወይም በባንክ ልካችሁ ጊፍት ካርድ ወይም ዩሲ (የፐብጂ መገበያያ ሳንቲም) ትገዛላችሁ። ዋጋቸው ይለያያል፤ ሁለት ሦስቱን ሳትጠይቁ አትላኩ። የመጀመሪያው ግዢ ትንሽ ይሁን። ዩሲ በመለያ ቁጥራችሁ ብቻ ይሞላል፤ ፓስዎርድ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወዲያው ተዉት። ቴሌብርና የባንክ ዝውውር አንዴ ከሄደ መመለሱ ከባድ ነው። ከማያውቁት ሻጭ ይልቅ ካምፓስ ውስጥ ሰው የሚያውቀውን ልጅ እመርጣለሁ፤ ጥቂት ብር ቢያስጨምርም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፦ ቤት የሚገባው የመስመር ኢንተርኔት ለማውረድ ይሻላል፤ ጂቢ አትቆጥሩም። ችግሩ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ መሄዱ ነው። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ገዝታችሁ ብታስቀምጡ በክረምት ትመርቁኛላችሁ። የሞባይል ዳታ ለመጫወት በቂ ነው፤ ጌም ሲጫወቱ የሚበላው ትንሽ ነው፣ የሚጨርሰው ማውረዱ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ሰፈር ይወስነዋል። ፈረንጅ አራዳ የሚፈጥነው ቦሳ ላይ ላይፈጥን ይችላል። የጓደኛችሁን ሲም ተውሳችሁ ማታ በሚጨናነቅበት ሰዓት ሞክሩት፤ ረፋድ ላይ ሁሉም ይፈጥናል።

እዚህ ላይ በጣም የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ፋይናል ፋንታሲም ዋርክራፍትም ከ100 ጂቢ በላይ ቦታ ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ካወረደው በኋላ ፎልደሩን በሃርድ ዲስክ ገልብጡት። የጊልድ ዋርስም እንዲሁ ይገለበጣል። ስርቆት አይደለም፤ የሚከፈለው ለአካውንቱ ነው። በአንድ ዶርም ስድስት ሰው አንድን ጌም ስድስት ጊዜ ማውረዱ ያሳዝናል።

ኮምፒውተር ለሌለው ጌም ቤት አለ። ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ፣ ዩኒቨርሲቲው ዙሪያም፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ የሚያጫውቱ ቤቶች አታጡም። በጨዋታ ወይም በሰዓት ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ጀርባችሁ ቆሞ እያሟሟቀ የሚጫወቱት ጨዋታ ብዙ ወርሃዊ ጌም የማይሰጠውን ደስታ ይሰጣል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ስትመርጡ ጆይስቲኩን አስቀድማችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ የላላ ከሆነ ቀይሩልን በሉ። ጄነሬተር ካለውና መብራት ሲሄድ የቀረውን ሰዓት ከሚይዝላችሁ ቤት አትራቁ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ የመጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። «የስድስት ወሩን በአንዴ ልክፈል? ቅናሽ አለው» ላለኝ ወንድሜ፦ አይሆንም። ቅናሹ ትንሽ ነው፤ ሁለተኛው ወር ላይ ብትሰለች ግን የአራት ወሩ ገንዘብ ከእጅህ ወጥቷል። የአንድ ወሩን ክፈል፤ በከፈልክበት ቀንም ራሱን የሚያድሰውን ክፍያ አጥፋው። ብታጠፋውም በአብዛኞቹ ወሩ እስኪያልቅ ትጫወታለህ።

አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለኝ ላለችው እህቴ፦ ሩንስኬፕ ያለ ግራፊክስ ካርድም ይሠራልሻል። ጊልድ ዋርስ 2 ደግሞ ግራፊክሱን ዝቅ ካደረግሽው ሊሄድ ይችላል፤ በነጻ አውርደሽ ሳትሞክሪ ግን ማስፋፊያ እንዳትገዢ።

መንደራ ወይም አጂፕ በኩል ጥሩ ፒሲ ያለውና ጌም ማስጫን የሚፈቅድ ቤት የምታውቁ ከታች ጻፉ። ዋጋውንና የሚዘጋበትን ሰዓት ጨምሩበት።