አባቴ የሳንባ ካንሰር ኦፕራሲዮን ካደረገ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቤት ውስጥ ምን እናድርግለት?

ልጅቷ ከሳሪስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር የቀኝ ሳንባው የላይኛው ክፍል ወጣለት። ዕጢው በሙሉ ወጥቷል ተብለናል፣ ተመስገን። ግን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጎኑንም ያቃጥለዋል፣ ሸሚዝ ሲነካው እንኳ ያመዋል። እናቴ «አትነሳ» እያለች አልጋ ላይ ታውለዋለች። ጠያቂውም ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ይሄ ነገር ይተወዋል?

ነርሱ፦ እግዚአብሔር ይማራቸው። እህቴ፣ መጀመሪያ ከአልጋው ይነሱ። ተኝቶ መዋል አክታ ያጠራቅማል፣ የሳንባ ምች ያመጣል፣ እግር ላይም ደም ሊረጋ ይችላል። ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል ስላለው ሁለቱ ቀርተውላቸዋል፣ ትንፋሹም በእንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ይሻሻላል። ሜዳ ቦታ ላይ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ እያወሩ መራመድ በሚችሉበት ፍጥነት ይራመዱ። ሲያጥራቸው በአፍንጫ ስበው፣ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ቀስ ብለው ያውጡ። ሲያስሉ ትራስ ጎናቸው ላይ ደግፈው ይያዙ። ባለ ሦስት ኳሷን የትንፋሽ መለማመጃ ዕቃ ከሰጧቸው ደግሞ፣ ወደ ውስጥ መሳብ እንጂ መንፋት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይነፋታል።

እናት ዓለም፦ እኔም የግራ ሳንባዬ የታችኛው ክፍል ወጥቶልኛል። ማቃጠሉ በጎድን አጥንቶች መሃል ያለው ነርቭ ስለሚነካ ነው፣ ወራት ሊቆይ ይችላል። ቻሉት አትበሏቸው፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ለነርቭ ሕመም ራሱን የቻለ መድኃኒት አለ፣ እኔን ያስተኛኝ እሱ ነው። የሚወስዱት የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ከሆነ ሆድ ያደርቃል፣ ውሃና ጎመን አብዙላቸው። ክንዳቸውንም ግድግዳ ላይ በጣታቸው እያስኬዱ ወደ ላይ ያንሱ፣ አለዚያ ትከሻቸው ይያዛል።

የጎረቤት ልጅ፦ ጭስ! ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፣ ከሰልና እጣን አጠገባቸው አይጭስ። ጠያቂውንም ሰዓት ገድቡለት፣ ቅር የሚለው ይበለው። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ውጭ።

ልጅቷ ከሳሪስ፦ ኑሩልኝ! ለካ ኳሷን ሲነፋት ነው የከረመው። ጾሙንስ? እንቁላል አልነካም ብሏል።

ነርሱ፦ ቁስል እንዲጠግን ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። የንስሐ አባታቸውን አናግሩ፣ ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ። እስከዚያው ምስርና ሽሮ በብዛት፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደም ካሳላቸው፣ አንድ እግራቸው ካበጠ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣና ቁስሉ መግል ካወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።