እርስ በርስ የሚቃረኑ አማልክት ለሮልፕሌይ ዓለም እንዴት ልፍጠር?

ጠያቂ፦ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሮልፕሌይ እንጫወታለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ዳይስ እየጣልን ታሪኩን አብረን እንሠራለን። መሪው እኔ ነኝ። አሁን አዲስ ዓለም ጀምሬያለሁ፤ መልኩን ከሰሜን ሸዋ ነው የወሰድኩት። ላይ ብርዳም ደጋ፣ ታች ሞቃት ቆላ፣ መሃል ላይ እንደ ጣርማበር ያለ ጭጋጋም ገደል።

የከበደኝ የአማልክቱ ነገር ነው። አንድ የብርሃን አምላክ፣ አንድ የጨለማ አምላክ አቀረብኩ። ሁሉም ተጫዋች ወደ ብርሃኑ ሄደ። የጨለማውን ሰው ምን ብሎ ያምልከው? ሁለቱም ወገን የምር ተከታይ እንዲኖረው ምን ላድርግ? ስንት አማልክትስ ይበቃሉ?

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

ወንድሜ፣ ብርሃንና ጨለማን ተዋቸው። ከደጅህ የተሻለ ጠብ አለልህ፦ ውርጭ።

ውርጭ የደረሰ ገብስ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። ስለዚህ የውርጭ አምላክ ክፉ ይመስላል። ግን ያው ብርድ ነው ወባን ከደጋ የሚያርቀው። ገብሱን የተነጠቀው ገበሬ ልጆቹ በወባ ሲንቀጠቀጡ አያይም። ስለዚህ እያለቀሰም ቢሆን ለውርጩ ይሳላል። ሌላዋ አምላክ፣ የቆላዋ እናት፣ ደግሞ ማሽላውን፣ ማሾውን፣ ሽንኩርቱን ትሰጣለች፤ ትኩሳቱም ከእሷው ነው። አሁን ተጫዋችህ እንደ ድሮው ዝም ብሎ አይመርጥም፤ ቆም ብሎ ያስባል።

ለእያንዳንዱ አምላክ ሦስት ነገር ጻፍ። ምን ይሰጣል? ምን ያስከፍላል? ተከታዩ ቢጎዳም ለምን አይተወውም? ሦስተኛው ባዶ ከሆነ አምላኩ ገና ነው፤ ወደ ጨዋታ አታስገባው።

ሌላም ልጨምርልህ፤ ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። መንዝ ጓሳ ላይ ቀሮ የሚባል የሣር አጠባበቅ ስርዓት ነበረ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። አይታጨድም፣ ከብትም አይገባበትም ነበር። ጊዜው ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይከፈት ነበር። ከዚህ የሚዘጋ አምላክና የሚከፍት አምላክ አውጣ። አንዱ «ሣሩ ይረፍ፤ ለነገ የቤት ክዳን ይቀመጥ» ይላል። ሌላው «ከብቱ ዛሬ እየሞተ ነው» ይላል። በድርቅ ዓመት ሁለቱም እውነት አላቸው። ተጫዋቾችህን በዚያ ዓመት ሽማግሌ አድርገህ ላካቸው። ሰይፍ ሳይመዘዝ ሌሊቱ ይነጋባችኋል።

መልስ፦ ታሪክ ወዳድ

እኔ ከድሮ ሃይማኖቶች ልጨምር። በስካንዲኔቪያ ተረቶች ኤሲርና ቫኒር የሚባሉ ሁለት የአማልክት ወገኖች ተዋግተው ማንም አላሸነፈም። የታረቁት ታጋች ተለዋውጠው ነው። ይህን ተጠቀምበት፤ ከውርጩ ወገን አንዱ በቆላዋ እናት ቤት ታግቶ ይኑር። ልቡ ለማን እንደሚያደላ አንተ ብቻ እወቅ።

ከራሳችንም አለ። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስጻፋቸው የድንጋይ ጽሑፎች አስታር፣ ቤሔር፣ ምድር እና ማህረም የሚባሉ አማልክት ይጠራሉ። በግሪክኛው ጽሑፍ ማህረም አሬስ ተብሏል፤ የጦርነት አምላክ ማለት ነው። ንጉሡም ራሱን የማህረም ልጅ ይላል። በአንተም ዓለም ውስጥ የአምላክ ልጅ ነኝ የሚል ገዢ ቢኖር ጠቡ ቶሎ መሬት ይወርዳል።

ደግና ክፉ ደግሞ ግዴታ አይደለም። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የሮልፕሌይ ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ወገኖቹ ሕግ፣ ገለልተኛና ትርምስ ነበሩ። ደግና ክፉ በኋላ ነው የተጨመረው።

ለቁጥሩ፣ በአራት ጀምር። ሌላው ጨዋታው ሲጠይቅ ይወለዳል።

መልስ፦ ከሸዋሮቢት

የመንዙ ልጅ ጥሩ ብሏል፤ ግን ቆላን በትኩሳት ብቻ አትሣሉት። ደጋና ቆላ በገበያ ነው የሚኖሩት። ገደሉ ወገብ ላይ እንደ ደብረ ሲና ያለ የገበያ ከተማ አስቀምጥ። እዚያ የሁለቱም አማልክት መሐላ እኩል ይጽና። ምርጥ ታሪክ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ውሃውንም አትርሳ። ከገደሉ አናት በስተ ምዕራብ የዘነበው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ እስከ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የዘነበው በሮቢ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከአንድ ደመና የተወለዱ መንታ አማልክት አድርጋቸው። ቅናቱ በራሱ ይመጣል።

መልስ፦ ጋሼ ከአንኮበር

ልጄ፣ አንድ ነገር አደራ። ታቦትና ቅዱሳንን ወደ ጨዋታው አታምጣ። ዛርና ውቃቢንም ተው፤ ለብዙ ቤት የምር ነገር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቃቸው። «አምላክ» የሚለው የሚከብደው ካለ «ገዢ» በሉት። ጨዋታው ምንም አይጎድልበትም።

ጠያቂ፦ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እጠይቃቸዋለሁ። ውርጩን፣ የቆላዋን እናት፣ ዘጊውንና ከፋቹን ወስጃለሁ። መንታዎቹ ቆይተው ይመጣሉ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ተጫዋች ለአምላኩ የማለውን ቢያፈርስ ምን ላድርገው? ኃይሉን ሁሉ ልንጠቀው?

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

አትንጠቀው፤ ባዶ እጁን የቀረ ተጫዋች ይሰለቻል። ቅጣቱ ከአምላኩ ግዛት ይምጣ። ለውርጩ ምሎ የከዳ ሰው እሳት አጠገብ ቢቀመጥም አይሙቀው። የዚያኑ ሌሊት የቆላዋ እናት መልእክተኛ ትላክበት፤ «እኔ ጋ ና፣ ይሞቅሃል» ትበለው። ዋጋውን ግን አስቀድማ ትንገረው፤ ከዚያ ውሳኔውን ለእሱ ተውለት።