እኅቴን ከ«ውስጣዊ ፈውስ» አሠልጣኝ እጅ እንዴት ላውጣት?

ጓሳ ሜዳ (ደብረ ብርሃን)፦

ታላቅ እኅቴ መሐል ሜዳ የምትኖር የ48 ዓመት ሴት ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እርሷ ስለሆነች እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የምላት፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ወንድም ብቻ ሳይሆን እንደ ልጅም ሆኜ ነው።

ሐምሌ 2015 የበኩር ልጇ በጣርማበር ቁልቁለት ላይ በመኪና አደጋ ሞተባት። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም በሰው ተከብቦ አለፈ፤ ቤቷ ለአንድ ዓመት ያህል ከጎረቤትና ከዕድርተኛ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን እንቅልፍ አጣች፤ ሌሊት ሌሊት ስልኳን ይዛ መቀመጥ ጀመረች፤ በዚያ ሰሞን ነው አንዲት ዘመዳችን የአንድ «የውስጣዊ ፈውስ አሠልጣኝ» ቪዲዮ የላከችላት። መጀመሪያ እዚህ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ተከራይቶ በነጻ ንግግር አደረገ። ቀጥሎ ለሦስት ቀን ሥልጠና 1,500 ብር፣ ለ«ደረጃ 2» 12,000 ብር ከፈለች፤ አሁን ደግሞ ለ«ግል ክትትል» ከሚጠየቀው 45,000 ብር 25,000ውን ጊደር ሸጣ በቴሌብር ልካለች። «አሉታዊ ኃይል ካላቸው ሰዎች ራቁ» ስለተባለች የእመቤታችንን ማኅበር ትታለች፤ ለቅሶ መድረስ እንኳ ቀርታለች፤ ለመንዝ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

በገና ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ትራሷ ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። በየገጹ «ሐዘኔን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ የምለቀውም እኔ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በቀን 40 ጊዜ ተጽፏል፤ የቤት ሥራዋ መሆኑ ነው። ከአንደኛው ገጽ ግርጌ ደግሞ በእርሳስ፣ ከሌላው ጽሑፍ አነስ ብሎ፣ «ዛሬም አለቀስሁ፤ ይቅርታ» ይላል። ደብተሩን እንደነበረ መልሼ ወጣሁ፤ ለእርሷም ምንም አላልኋት። ተታለሻል ብላት ከእኔም ትርቃለች ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ብል ደግሞ የቀሯትን ላሞች ትሸጣለች። ምን ላድርግ? ገንዘቡንስ ማስመለስ ይቻላል?

ባና ለባሽ (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥልጠና በሚሰጥ ድርጅት ለ14 ወራት በመዝጋቢነት ሠርቻለሁ። የምጽፈው የሚያኮራኝ ባይሆንም እኅትዎ የገቡበትን ቤት ከውስጥ ቢያዩት ይጠቅምዎታል ብዬ ነው።

በነጻው ንግግር ቀን በር ላይ የምናስሞላው ቅጽ «በቅርቡ ያጋጠመዎት ከባድ ነገር ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ሰው ዕርዳታ ፈልጎ የመጣ ነውና ሳይደብቅ ይጽፋል። እኛ ቅጹን ተቀብለን ጥግ ላይ አንዲት ፊደል እናደርግበታለን፦ ለሐዘን «ሐ»፣ ለፍቺ «ፍ»፣ ለበሽታ «በ»። «ሐ» ያለባቸውን ሁለተኛው ረድፍ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ የመጀመሪያው ረድፍ ሰውን ያስፈራል፣ ከሦስተኛው በኋላ ያለው ደግሞ ለካሜራ ይርቃል ተብለን ነበር። አሠልጣኙ ከመድረክ ጀርባ ቅጾቹን አንብቦ ይወጣና ዓይኑን ጨፍኖ «እዚህ መካከል ልጇን የቀበረች እናት ትሰማኛለች» ይላል። ያቺ እናት ምሥጢሯን ራሷ ከአንድ ሰዓት በፊት በእስክሪብቶ እንደሰጠችው ትረሳዋለች፤ ሌላው ታዳሚ ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ሶፍት ይዘን የምንዞረው ልጆች እንባ ስናይ ወዲያው እንዳንሰጥ፣ ልቅሶው እስኪጠና እንድንጠብቅ ታዝዘን ነበር። ክፍያ የሚጠየቀውም ያኔ ነው፤ ከልቅሶው በኋላ፣ ከምሳ በፊት፣ «ቅናሹ እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነው» ተብሎ። ሰው ምሳ በልቶ ከተረጋጋ እጁ ወደ ኪሱ እንደማይገባ በደንብ ያውቁታል።

ምስክርነት የሚቀረጸው በሦስተኛው ቀን ማምሻ፣ ሁሉም ተቃቅፎ ሲሰነባበት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ እንደ ቀድሞው ሆኜአለሁ የሚል ሰው ካሜራ ፊት አይቆምም። አንዲት የጅሩ ሴት ገንዘቧን ልትጠይቅ መጥታ እኔው ነበርሁ የተቀበልኋት፤ የተማርሁትን መልስ መለስሁላት፤ «ሥልጠናው ለሁሉም ሠርቷል፤ ገና ያልተከፈተው የእርስዎ አእምሮ ነው» አልኋት። ሴትዮዋ አልተቆጡኝም፤ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። ሥራውን የተውሁት በዚያው ወር ነው፤ የእኅትዎን ደብተር ሳነብ ትዝ ያሉኝም እርሳቸው ናቸው። ገንዘቡ ቢያንስ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ ሕመሙ ያልዳነው በራስህ ጥፋት ነው የሚለው ትምህርት ግን ሰውየውን ከአዳራሹ ከወጣም በኋላ አይለቀውም፤ ለሚቀጥለው ደረጃ የሚያስከፍለውም እርሱ ነው።

ይህ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። ጄምስ አርተር ሬይ የተባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ2009 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ ሴዶና አጠገብ እያንዳንዳቸው ከ9,000 ዶላር በላይ የከፈሉ ሰዎችን በጋለ ድንጋይና በእንፋሎት በታፈነ ድንኳን ውስጥ አስገብቶ፣ ድካማቸውን እንዲያሸንፉት ሲገፋፋቸው ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ፍርድ ቤት በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎት 2 ዓመት ተፈርዶበታል። ኪት ራኒየር የተባለው ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. የስኬት ሥልጠና ብሎ የጀመረው ኔክሲየም የተባለ ድርጅት ውስጥ ሴቶች የሚያሳፍራቸውን ምሥጢርና ምስል እንደ መያዣ እንዲያስረክቡ ያደርግ ነበር፤ በ2020 የ120 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የእኅትዎ አሠልጣኝ እዚያ ደርሷል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሲያለቅሱ ተቀርጸው እንደሆነ፣ ምን ጽፈው እንደሰጡ ቀስ ብለው ይጠይቋቸው።

የጉም በር (ደብረ ሲና)፦

የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ባና ለባሽ የጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤተሰብ «ከሥልጠናው ስትመለስ እኮ በእርግጥ ተሽሏት ነበር» ይለናል፤ ውሸት አይደለም። ሰው ዕርዳታ ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ምንም ባይደረግለትም በአብዛኛው ትንሽ ይቀልለዋል። በዚያ ላይ ሦስት ቀን ከሰው ጋር መብላት፣ መሰማት፣ ከባዶ ቤት መውጣት አለ። ለቅሶ ቤት ጎረቤት በነጻ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤት «እኔ አዳንኋት» አለማለቱ ነው።

የእኅትዎ ሁኔታ ግን መታየት ያለበት ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል፤ ናፍቆቱና ሕመሙ ከስድስት ወር በላይ፣ ከአገሩ የሐዘን ወግም አልፎ፣ የዕለት ኑሮን ሲያሰናክል ማለት ነው። ከድባቴ ጋር የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሁለቱም በምክርና ሲያስፈልግ በመድኃኒት ይረዳሉ፤ የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስት ቀን እናድናለን የሚል ሰው ከመነሻው ልክ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከዚያ ቢጀምሩ ጥሩ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መድኃኒት የሚያስጥሉት ናቸው። ባለፈው ዓመት ከቆላው ወገን አንድ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት በቃሬዛ አመጡልን። ፊኖባርቢታል እየወሰደ ሁለት ዓመት ሳይወድቅ ቆይቶ፣ በቴሌግራም የሚከታተለው አንድ አሠልጣኝ «ክኒን የፍርሃት ምርኩዝ ነው» ስላለው በአንድ ጊዜ አቋርጦታል፤ በዘጠነኛው ቀን ሕመሙ ሳያቋርጥ ይጥለው ጀመር። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ እንደሚያመጣና ሊገድል እንደሚችል ማንኛውም ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ያውቀዋል። ልጁ ተርፏል፤ አሠልጣኙ ግን መውደቁንም አልሰማ።

ሻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚሄዱ ታካሚዎቻችንን መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ እንላቸዋለን እንጂ አትሂዱ አንልም፤ በጠበል ስም የሚነግድ አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ ጠበሉ ራሱ ደረጃ 2 የለውም።

እንዴት ላናግራት ላሉት፦ ስለ አሠልጣኙ አይጀምሩ። ስለ ሟቹ ልጃቸው ይጠይቋቸው፤ በስሙ ይጥሩት። ለአንድ ዓመት «አሉታዊ» ተብሎ የታፈነው ነገር እርሱ ነውና። በመካከል መኖር አስጠልቷቸው እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም።

ሰላ ድንጋይ፦

ሁላችሁም አንድ ወገን ይዛችኋል። እኔ በእንዲህ ያለ ሥልጠና አረቄ ትቻለሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመቴ ነው። 2,000 ብር ከፈልሁ፤ ለአረቄ ካወጣሁት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አነቃቂ ሁሉ ሌባ ነው ማለት እንደ እኔ ያለውን ሰው ማስከፋት ነው።

ባና ለባሽ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተዉት። እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች በእኛም አዳራሽ ነበሩ፤ መጥተው፣ አንድ ነገር ይዘው፣ በዚያው የሄዱ። ቤቱ የሚኖረው ግን በእርስዎ 2,000 ብር አይደለም፤ መሄድ ባቃታቸው በእነዚያ ነው። አረቄውን መልሰው ጀምረው ቢሆን ኖሮ ማን ጥፋተኛ ነህ ይባል ነበር? እርሱን አስበውት ያውቃሉ?

አንጎለላ፦

የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710 የአንዱን ወገን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት ወይም የሥራ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ፍትሕ ሲጠይቅ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ክሱ ግን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ መቅረብ አለበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ደግሞ አታላይነትን ይመለከታል። በተግባር «ሰላም ታገኛለህ» ያለን ሰው ማስቀጣት ይከብዳል፤ ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ነኝ ካለ፣ ያልተማረበትን ትምህርት ቤት ከጠቀሰ፣ ወይም እናድናለን ብሎ በጽሑፍ ካስነገረ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቴሌብር መልእክቶቹን አያጥፉ፤ ማስታወቂያዎቹን ከነቀናቸው ፎቶ ያንሱ። ደግሞም ከሳሿ እኅትዎ እንጂ እርስዎ እንዳልሆኑ አይርሱ፤ እርሳቸው ሳይፈልጉ የሚጀመር የውል ማፍረሻ ክስ የለም።

ጓሳ ሜዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር፤ ስለ አሠልጣኙ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ቡና እያፈላች ሳለ ልጁ ትንሽ ሆኖ በግ ሲጠብቅ በጉም ውስጥ የጠፋበትን ቀን አነሣሁባት፤ ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስናወራ ቆየን። ነርሷ እንዳሉት ያንንም ጠየቅኋት። «አልፎ አልፎ» አለችኝ። ከእኔ ሌላ ለማንም እንዳልነገረች፣ ለአሠልጣኙ ብትነግረው ወደ ታች ደረጃ ይመልሰኛል ብላ እንደፈራች ነገረችኝ።

ጠዋት ደብተሩን ራሷ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ያን በእርሳስ የተጻፈውን አሳየኋትና «እትዬ፣ ይቅርታ የጠየቅሽው ማንን ነው?» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «እርሱን መስሎኝ ነበር» አለች፤ አሠልጣኙን ይሁን ልጇን አልጠየቅኋትም።

ማክሰኞ በጠዋቱ መኪና መጥታ አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን። ቀሪውን 20,000 ብር ለመክፈል የያዘችውን ሐሳብ ግን ገና አልተወችም።