ግሌር እና ግልምጫ

ጥያቄ፣ ከደሴ

ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ግላንስ፣ ግሊምፕስ እና ግሌር የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት አምታተውኛል። መዝገበ ቃላቴ ሦስቱንም «ማየት» ብሎ ያልፋቸዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ

ጥያቄህ ደስ ብሎኛል የኔ ወንድም። ግላንስ አየት ማድረግ ነው። አስበህ ታያለህ፣ ግን ለአፍታ ብቻ። እያወራህ ሰዓትህን አየት ብታደርግ ግላንስ ነው። ግሊምፕስ በጨረፍታ ማየት ነው። በባጃጅ ፒያሳን ስታልፍ የምታውቀው ሰው ከሕዝቡ መሐል ብቅ ብሎ ጠፋ እንበል። ልታየው አላሰብክም፤ ዓይንህ ውስጥ ገባ እንጂ።

ግሌር ንዴት አለበት። እንግዳ ፊት ስታጠፋ እናትህ ምንም ሳትናገር የምታይህን አስበው። ግልምጫ እንለዋለን አይደል? ግሌር፣ ግልምጫ፤ ሁለቱም በ«ግል» ይጀምራሉ። የሥጋ ዝምድና የላቸውም፣ መገጣጠም ነው። አንዴ ከሰማኸው ግን አይጠፋህም።

ግሌር ዓይን የሚወጋ ብርሃንም ነው። ቀትር ላይ ከሐይቅ ውኃ ላይ የሚመለሰውን ፀሐይ አስብ። በ«ግል» የሚጀምሩ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ወይ ብርሃን ወይ ዓይን ውስጥ ናቸው። ግሊተር የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ እንደሚታየው የብር ጌጥ ብልጭልጭ ማለት ነው። ግሊመር ጭል ጭል ነው፤ ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ከታች እንደሚታየው መብራት። ግሎው ደግሞ ነበልባል የሌለው ድምቀት ነው። አቦሉ ተቀድቶ ጀበናው ለቶና ሲመለስ ምድጃው ላይ የቀላው ፍም፣ እሱ ነው ግሎው። እኔ ከሁሉም ይህን ቃል እወደዋለሁ።

ጄ. አር. ፈርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር በ1930 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ስሜት ያዘለ የድምፅ ቁራጭ ፎኔስቲም ብሎ ሰይሞታል። ሕግ ግን አይደለም። ግላቭ ጓንት ነው፣ ግሉ ሙጫ ነው፤ ብርሃን የለባቸውም።

አሁን አፍንጫህን ይዘህ «ን» በል። አልወጣ አለህ አይደል? «ን» የአፍንጫ ድምፅ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ብዙውን የአፍንጫ ነገር በ«ስን» ይጀምራል፦ ስኒዝ ማስነጠስ፣ ስኖር ማንኮራፋት፣ ስኒፍ ማነፍነፍ፣ ስኖት ንፍጥ። የኛን ደግሞ ስማቸው። አፍንጫ፣ ንፍጥ፣ ነስር፣ አነጠሰ፣ አንኮራፋ፣ እስትንፋስ። «ን» የሌለበት አለ?

ይህን ሳውቅ በጣም ተገርሜ ነበር፦ ስኒዝ በጥንቱ እንግሊዝኛ የሚጀምረው በ«ፍን» ነበር። በ«ፍን» የሚጀምሩ ቃላት ከቋንቋው እየጠፉ ሲሄዱ ወደ «ስን» ዘመዶቹ ተጠጋ። አ-ፍን-ጫ በልና ድገመው።

ከኮምቦልቻ

ወንድምዓለም፣ እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው ተጽፎ የማይነበበው ደብልዩ ነው። ሪስት፣ ሪንግ፣ ሬንች የሚባሉት። ለምን እንደሚጻፍ ሲጠይቁኝ «ድሮ ይነበብ ነበር» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

መልስ

እታለም፣ መልስሽ ትክክል ነው፤ ድሮ ይነበብ ነበር። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በዚህ አጀማመር ከሚጻፉት ብዙዎቹ መጠምዘዝ አለባቸው። ሪስት የሚዞረው የእጅ አንጓ ነው። ሪንግ የታጠበ ልብስ ጠምዝዞ መጭመቅ ነው፤ የጣቱ ቀለበት ሌላ ቃል ነው፣ ደብልዩም የለው። ሬንች ብሎን የምናዞርበት መፍቻ ነው። ሬስል መታገል ነው። ሪዝ የተጎነጎነ የአበባ ጉንጉን ነው።

ሮንግስ? ስህተት የሚለው ትርጉሙ በኋላ የመጣ ነው፤ ሥረ ትርጉሙ ጠማማ ነው። እኛም ጠማማ እንጨት እንላለን፣ ጠማማ ሰው እንላለን። ሁለት ሩቅ ቋንቋዎች መጥፎውን ነገር በአንድ ዓይን አይተውታል። ለተማሪዎችሽ ይህን ብትነግሪያቸው ደብልዩዋን የሚረሷት አይመስለኝም።

ራይት፣ መጻፍ የሚለው፣ ከዚህ ወገን አይደለም። እሱ መጀመሪያ መጫር ማለት ነበር። እኛስ አጭር ማስታወሻ ስንይዝ «ጫር ጫር አደረግሁ» አይደል የምንለው?