የመስታወት ስቶቭ ግራናይት ላይ ማስገጠም፦ ቆራጩ ቅዳሜ ይመጣል፣ ምን ልበለው?

የጀሞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የኪችን ሥራ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

እህቴ ከጀርመን የመስታወት ስቶቭ ልካልኛለች። ባለ አራት ምድጃ ነው። ላዩ ለጥ ያለ ጥቁር መስታወት፣ ማዞሪያ የለውም፣ በጣት የሚነካ ነው። ቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም። ካቢኔቱ ቺፕውድ ነው፣ ላዩ 2 ሴንቲ ግራናይት፣ የግራናይቱ ወርድ 60 ሴንቲ። ስቶቩ 59 በ52 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ቀዳዳው 56 በ49 ይሁን ይላል።

ግራናይት ቆራጩን ስደውልለት «እናቴ አትጨነቂ፣ ስቶቩን አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምርና እቆርጠዋለሁ» አለኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ስቶቩ ገመድ እንደሌለው ሲያይ «ስፒና እንገጥምለትና የምጣዱ ሶኬት ላይ ይሰካል» አለ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከፊትና ከኋላ ምን ያህል ግራናይት ይቅር? በሲሊኮን ይለጠፋል? ከሥሩ መሳቢያ አለ፣ ላውጣው? የምጣዱ ሶኬትስ ይችለዋል? ጀርባው ላይ 6400 ዋት ይላል። ግራናይቱ ከተሰነጠቀ እንደገና የምገዛበት አቅም የለኝም፣ ይህን እወቁልኝ።

ቦሌ ቡልቡላ

ዙሪያውን ሲሊኮን ግጥም አድርገሽ አስሞይው፣ ውሃ እንዳይገባ። እኔ ቤት እንደዚያ ነው የተሠራው፣ ምንም አልሆነም። እኔን ብትሰሚኝ ግን ሽጠሽው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ብትገዢ ይሻልሻል። ድንጋይ ማስቆረጥ ጣጣ ነው።

ኪችን ገጣሚው

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሰውዬ አስቁሚልኝ። በስቶቩ ዙሪያ አስምሮ ከቆረጠ ስቶቩ ሾልኮ መሳቢያሽ ውስጥ ነው የሚገባው። መስታወቱን የሚሸከመው በየጎኑ የሚተርፈው 1 ሴንቲ ተኩል ጠርዝ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከወረቀቱ ነው፣ 56 በ49። አንድ ሚሊ ቢሰፋ ግድ የለም። ሴንቲ ሲሆን ግን ጨዋታው አለቀ።

አሁን ወደ ግራናይቱ። ድንጋይ መሃሉ ላይ ብዙም አይከዳም። የሚከዳው ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀረው ቀጭኑ ቁራጭ ነው። ከ60 ላይ 49 ሲነሳ 11 ይቀርሻል። እኔ ብሆን ከኋላ 5፣ ከፊት 6 አደርገዋለሁ። ግን ከመሰመሩ በፊት መሳቢያውን አውጪና እጅሽን ሰደሽ ከፊት ያለውን አግዳሚ እንጨት ዳብሺ፣ ከግራናይቱ ጫፍ ስንት ሴንቲ ገባ እንደሚል ለኪ። የስቶቩ የቆርቆሮ ሆድ እንጨቱ ላይ ካረፈ መስታወቱ በጠርዙ አይቀመጥም፣ ይንሳፈፋል። እንደዚያ ከሆነ እንጨቱ ይጠረብ እንጂ ቀዳዳው ወደ ግድግዳው አይገፋ።

ብዙ ድንጋይ የሚበላሸው ማዕዘን ላይ ነው። የግራይንደር ዲስክ ክብ ነው አይደል? ከላይ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ከታች ገና አልጨረሰም። ታችኛውን ልጨርስ ብሎ ትንሽ ሲገፋ ከላይ መስመሩን ያልፋል። ያቺ ጥፍር የማታህል ጭረት ናት በኋላ ሙቀትና ክብደት ሲመጣ ወደ ጫፉ የምትሮጠው። ስለዚህ አራቱም ማዕዘን ላይ አስቀድሞ በድሪል ክብ ቀዳዳ ይብሳ። ከዚያ ዲስኩን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይንዳው፣ የመጨረሻውን በቀስታ። «ድሪል አልያዝኩም» ካለሽ ይዞ እስኪመጣ ጠብቂው።

እያረጠበ ይቁረጥ፣ ግን ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይሄድ። በደረቁ ከቆረጠ የግራናይት አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ለእሱም ለአንቺም። የሚወጣው ቁራጭ ደግሞ 15 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ከሥሩ በጣውላ ካልተደገፈ ተቆርጦ ሳያልቅ በራሱ ክብደት ተገንጥሎ ይወርዳል፣ ሲወርድም ማዕዘኑን ይዞ ነው። ከፊት ያለው ቀጭን ቁራጭ ላይም ማንም እንዳይደገፍበት። ሠራተኛ ሲደክመው ክርኑን የሚያሳርፈው እዚያው ነው።

ሲሊኮኑን በተመለከተ ከቡልቡላው ወንድሜ ጋር አልስማማም። ካርቶኑ ውስጥ የተጠቀለለ ስስ የስፖንጅ ፕላስተር ፈልጊ። በመስታወቱ ጠርዝ ከሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው እሱ ነው፣ ውሃ የሚከለክለውም እሱ። ሁለቱ ጫፎቹ ግጥም ይበሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብ፣ ከተደረበ መስታወቱ በዚያ በኩል ከፍ ይላል። መስታወቱን በሲሊኮን ካጣበቅሽው አንድ ምድጃ የተቃጠለ ቀን እንዴት ልታወጪው ነው? በቢላ ሲፈለቅቁት ይሰነጠቃል። ደግሞ የዚህ ዓይነቱ መስታወት ሲሞቅ አይሰፋም ማለት ይቻላል፣ ድንጋዩና ቆርቆሮው ግን ይሰፋሉ። ትንሽ መላወሻ ያስፈልጋቸዋል። ሲሊኮን የምትፈልጊው ግራናይቱ ሥር ቺፕውድ ተነጥፎ ከሆነ ነው። የተቆረጠውን የእንጨት አፍ ቀቢበት፣ እርጥበት እንዳያሳብጠው።

ስቶቩን ከማስቀመጥሽ በፊት የቀዳዳውን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በመዳፍሽ ጥረጊው። አንዲት የግራናይት ፍርፋሪ ከመስታወቱ ሥር ብትቀር፣ ከባድ ድስት ያስቀመጥሽ ዕለት ስንጥቁ ከእሷ ላይ ይጀምራል። መያዣ ብሎኖቹንም በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ በድሪል አይሆንም።

መሳቢያው ይቆይ። በስቶቩ ሆድና በመሳቢያው መካከል ግን ስስ ጣውላ ይግባ፣ ከሆዱ ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቅ፣ አየር ይዙር። ወረቀቱ ከዚያ በላይ ካለ ወረቀቱን ስሚ። ፍሊት፣ ክብሪት፣ የፌስታል ክምር እዚያ መሳቢያ ውስጥ አይግባ።

መብራቱን ሌላ ሰው ይመልስልሽ። እኔ የእንጨትና የድንጋይ ሰው ነኝ።

ከፍራንክፈርት

እኔ እዚህ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ስቶቩ ያለ ስፒና የመጣው ጎድሎበት አይደለም። እዚህ ኪችን ግድግዳው ላይ ለስቶቭ ብቻ የተዘጋጀ ሳጥን አለ፣ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣ ሦስት ገመድ፣ ይዞ የሚመጣ። ስቶቩ በቀጥታ እዚያ ይታሰራል።

6400ን ለ230 ስናካፍል 28 አምፔር ይሆናል። የምጣድሽ ሶኬት እንደማንኛውም ሶኬት 16 አምፔር ከሆነ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ብሬከሩ ልኩ ከሆነ እየወደቀ ያስቸግርሻል። ሰው «አስቸገረን» ብሎ በትልቅ ቀይሮት ከሆነ ደግሞ ብሬከሩ ዝም ይልና ስፒናው ይቀልጣል። ሁለተኛው ነው የሚያስፈራኝ።

የሚያስፈልግሽ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ለብቻው የሆነ መስመር ነው። ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሦስት ገመድ፣ ፌዝ፣ ኒውትራል (መመለሻው)፣ አርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው)። ለብቻው 32 አምፔር ብሬከር። መካከል ላይ ቅጥያ አይኑር። ኒውትራሉን «ይሄ ቀጭን ቢሆን ምን አለበት» እንዳይሉሽ፣ በአንድ ፌዝ ስትሠሪ 28ቱ አምፔር ሙሉ በእሱ ነው የሚመለሰው።

ከስቶቩ ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ሲከፍታት ሥዕሎች ያያል። አንቺ ቤት ያለው አንድ ፌዝ ስለሆነ 1N የሚለውን ሥዕል ይከተል። ፌዞቹን እርስ በርስ፣ ኒውትራሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙ ትንንሽ የመዳብ ቁራጮች ክዳኑ ውስጥ ወይም ካርቶኑ ውስጥ አሉ። ያለ እነሱ ከታሰረ ሁለት ምድጃ ይሠራል፣ ሁለቱ ዝም ይላሉ። ከዚያ «ጀርመን የተበላሸ ላከችልሽ» ይባላል።

አርዙን በቴስተር ያስለኪው። ሆዱ ቆርቆሮ ነው፣ አርዝ ከሌለው እንዳታበሪው።

ደግሞ ቆጣሪሽ ጋ ሄደሽ ዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ። ምጣድ 3500 ዋት ቢሆን 15 አምፔር ነው። ከስቶቩ ጋር ሲደመር 43። ዋናው 32 ወይም 40 ከሆነ እንጀራ በምትጋግሪ ቀን ስቶቩ ላይ ትንሿን ምድጃ ብቻ ነው የምትለኩሺው።

የጀሞዋ

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዋናው ብሬከር 40 ነው። ቆራጩን ስለ ድሪሉ ስነግረው «ማነው እሱ ሥራዬን የሚያስተምረኝ» ብሎ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን ይዤ እመጣለሁ ብሏል። መዳቦቹን በትንሽ ፌስታል ውስጥ አገኘኋቸው፣ ትርፍ ብሎን መስለውኝ ነበር።

ጋሽ ገጣሚ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ አግዳሚው እንጨት ከግራናይቱ ጫፍ 6 ሴንቲ ተኩል ላይ ነው የሚያልቀው። ደግሞ እማዬ «በሸክላ ድስትና በጀበና ካልሠራ ምን ያደርግልሻል» እያለች ነው።

ኪችን ገጣሚው

6 ተኩል ከሆነ ቀዳዳሽ ከ6 ላይ ሲጀምር እንጨቱ ግማሽ ሴንቲ ገብቶበታል ማለት ነው። አናጢው ከላይ በኩል የሆዱን ያህል ይጥረበው፣ ሁለት ሚሊ ይጨምርበት። ከሥር ያለው ይቅር፣ ካቢኔቱን የያዘው እሱ ነው።

ከፍራንክፈርት

ለማዘር እንዲህ በይልኝ። ጀርባው ላይ ኢንዳክሽን የሚል ካልተጻፈ የአሉሚኒየም ድስትም ሸክላም ያሞቃል። ግን የሸክላ ቂጥ ሻካራ ነው፣ ትንሽ ሲገፉት መስታወቱን ይጭረዋል። ጀበና ደግሞ ቂጡ ድቡልቡል ስለሆነ መስታወቱን በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው የሚነካው፣ ቡናው ሳይፈላ ቀኑ ይመሻል። የከሰሉ ማንደጃ ይቆይላቸው።

ሽሮ ቢገነፍል ስቶቩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂና በምላጭ መፋቂያ በአግድም ግፊው። ስኳር ወይም የስኳር ሻይ ከፈሰሰ ግን አትጠብቂ። ምድጃውን አጥፊና ገና ትኩስ እያለ እጅሽን ጠብቀሽ ፋቂው፣ ከቀዘቀዘ መስታወቱን ይዞ ነው የሚነሳው።